ጫማዬን ያወለቅኩበት ተራራ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ቻይና የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ለጥበቃ ነው። ብዙ ሰው «የቄስ ጾም ነው» እያለ በሚዘለው በሐዋርያት ጾም፣ የዓመት እረፍቱን ሰውቶ፣ ቋንቋውን ወደማያውቀው ተራራ ለመዝናናት የሚሄድ ሰው የለም። ካለም እኔ አላውቀውም። የሄድኩት የአሥራ አምስት ዓመት ልጄን ሶስናን ከጣዖት ልጠብቅ ነበር። ማን ማንን እንደጠበቀ እናንተ ትፈርዳላችሁ።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ነው። ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ፣ በጎማ ቤትና በልብስ ማጠቢያ ቤት መካከል የተጣበቀች አንዲት ጠባብ አዳራሽ አለች። ሶስና እዚያ ኩንግ ፉ ስትማር አራት ዓመት ሆናት። በሳምንት ሁለት ቀን አደርሳታለሁ፤ ታክሲዬን ፓርክ አድርጌ መጽሐፍ እያነበብኩ እጠብቃታለሁ፤ እመልሳታለሁ። ገብቼ ግን አይቼ አላውቅም። ምክንያቴ መርህ ነው። ልጅ መማር ያለበት ሂሳብና ሥነ ምግባር ነው፤ አየር ላይ መራገጥን በቅሎም ሳትማር ታውቀዋለች። ይህን አባባል የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ቤታችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለተናገርኩት ግን የጥንት ተረት ይመስላል።

አስተማሪዋ ማስተር ሜይ ይባላሉ። ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመታቸው ደረቴ ላይ የሚቀር፣ ሲቆጡ ግን ጣሪያ የሚነኩ ሴት ናቸው። በየጥቂት ዓመቱ ጎበዝ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው፣ እሳቸው በልጅነታቸው ወደተማሩበት ተራራ ይወስዳሉ። ትልቁ ፈተና የሚሰጠው እዚያ ነው። ሶስና ወረቀቱን ስታመጣልኝ ቀና ብዬ በመነጽሬ አናት አየኋት።

«ፈተናው ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው?»

«ግቢው ውስጥ ነው ዳድ። አውትሳይድ።»

«የማን ቤተ መቅደስ?»

«አይ ዶንት ኖው። የድሮ ሰዎች።»

ይህ መልስ ይባላል? ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ጣዖት አስተማርኩ። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ዘነበች፣ እንግልውድ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ደክሟት ገብታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ፍርድ ሰጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ስታስፈራራ ከምትውል አብረሃት ሂድና እይ። ለአንተም ይሻልሃል፤ ከዚያች ታክሲ ትወጣለህ» አለችኝ። ወደ ንስሐ አባቴ ይግባኝ አልኩ። እሳቸውም፣ «አትከልክላት ልጄ፤ ሄደህ ጠብቃት። ጾምህን ብቻ እንዳትፈታ» አሉኝ። ስለዚህ ነጠላዬን፣ ውዳሴ ማርያሜንና ሁለት ኪሎ በሶ ይዤ ተነሳሁ።

ሁለት ቀን ያህል በአውሮፕላን፣ በባቡርና በአውቶቡስ ተጉዘን ከተማዋ ደረስን። ስሟን አልጽፍም፤ በአፌ በትክክል የማልጠራውን በብዕሬ ብጽፈው ማታለል ይሆንብኛል። በረጅም ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ጥንታዊ ከተማ ናት። ተራራው ላይ ቤተ መቅደስ በቤተ መቅደስ ተደራርቧል። ከታች ያለው ገበያ ደግሞ ሰይፍ በሰይፍ ነው። ጎመን እንደሚደረደር ሰይፍ ተደርድሮ ይሸጣል። አንዲት ሴትዮ በአንድ እጇ ሕፃኗን አቅፋ በሌላው እጇ ሰይፍ ትወለውላለች። የሚደነግጥ ሰው ፈለግኩ። ከእኔ በቀር አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አደባባይ ወጣሁ። ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው አንድ ሽማግሌ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ቀስ እያሉ ወደ ጎን ያዘነብላሉ። ሰው በአጠገባቸው ያልፋል፤ የሚይዛቸው የለም። ደሜ ፈላ። ሽማግሌ ሲወድቅ ቆሞ የሚያይ ሀገር የፈለገውን ቤተ መቅደስ ቢገነባ ምን ይጠቅመዋል? «አባቴ! አይዞዎት! እኔን ይደገፉ!» እያልኩ ሮጬ ብብታቸው ሥር ገባሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም። ሽማግሌው አልገፉኝም፤ ይህን በማንም ፊት እመሰክራለሁ። እጃቸው ክንዴን የነካኝ እንደ ዝንብ ነው። ግን እኔ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ተገኘሁ፤ እሳቸው አሁንም በአንድ እግራቸው እንደቆሙ ናቸው።

«ዳድ! ምን እያደረግክ ነው?» ሶስና እየሮጠች መጣች። «ፕራክቲስ እያደረጉ እኮ ነው!»

«ሊወድቁ ነበር።»

«አንተ ነህ የወደቅከው!»

ሽማግሌው ሥራቸውን ጨርሰው እግራቸውን ካወረዱ በኋላ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገውኝ ሄዱ። አይዞህ የማለት ዓይነት ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በምን በኩል እንደወደቅኩ አልገባኝም።

ምሳ ሰዓት ሌላ ፈተና መጣ። የምንበላው ከአንድ ቤተ መቅደስ አጠገብ ባለ ምግብ ቤት ነበር። ሳህን ላይ የዳክዬ ጭን ተጋድሞ ቀረበልኝ፤ ቆዳው ተጠብሶ ወዙ ያብረቀርቃል። ማስተር ሜይ፣ «ይብሉ፤ እዚህ ሁሉም ጾም ነው፤ ከአኩሪ አተር የተሠራ ነው» አሉኝ። ተቆጣሁ። «እመቤቴ፣ እኔ ዓይን አለኝ። ይህ አተር እግር አለው» አልኳቸው። ሶስና ጭኑን አንስታ ገመጠችው። ከውስጡ በአጥንት ፋንታ የቀርከሃ እንጨት ወጣ። እሺ፣ አተር ይሁን። ግን ሥጋን የተወ መነኩሴ አተርን ዳክዬ ለማስመሰል ለምን ይደክማል? መጠጥ የተወ ሰው ጠርሙስ ታቅፎ ይተኛል? ይህን ጥያቄ ለጠረጴዛው በሙሉ አቀረብኩ። የመለሰልኝ ስላልነበረ፣ በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ የጾም የሆነውን ምግብ እምቢ ብዬ ሦስት ቀን በሶ በጠበጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ሶስና አጠገቤ ተቀመጠች። «ፈተናዬ ነገ ነው። ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ ላይኛው ግቢ» አለች። ከዚያም እንደ ልማዷ፣ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ከም» አለችኝ፤ ባትመጣም ግድ የለም ማለቷ ነው። ይህን ቃል ለአራት ዓመት ስትለኝ ኖራለች፤ እኔም ሁልጊዜ እንደ ፈቃድ እቀበለዋለሁ። ያን ቀን ግን ቀጠለች፤ «እዚህ ደግሞ መኪና የለህም። የት ሆነህ ትጠብቀኛለህ?»

ለነገር ብላ አይደለም። ከልቧ ጠይቃኝ ነው። የጎዳኝም እሱ ነው።

«እመጣለሁ» አልኩ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ አይሻለሁ። ቃሌ ነው።»

ቃሌን እንደማላጥፍ ልጆቼ ያውቃሉ። በቀን ሁለት ጊዜ ስለምነግራቸው።

በፈተናው ቀን ተማሪዎቹ ከማስተር ሜይ ጋር ማልደው ወጡ። እኔ ጸሎቴን አድርሼ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ በአውቶቡስ እስከ መንገዱ ማብቂያ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ደረጃ ነው። ደረጃው ወደ አንድ ቤተ መቅደስ በር ይወስዳል፤ መንገዱም በአዳራሹ መሃል አልፎ በወዲያኛው በር ይወጣል። ሌላ ማለፊያ የለም። በሩ ላይ ቆምኩ። የማን ቤት እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ግን ሰው ወደሚጸልይበት ቤት በጫማ አይገባም፤ ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ «የቻይና ሲሆን ይቀራል» አላለችኝም። ጫማዬን አውልቄ ግድግዳው ጥግ አስቀመጥኩ። ሌላ አንድም ጫማ አለመኖሩ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን፣ «ዛሬ ምእመኑ ትንሽ ነው» ብዬ ገባሁ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁሉም ጫማ አድርጓል። በቆብ፣ በቦርሳ፣ በጫማ! የምገሥጽበት ቋንቋ አጣሁና እያዘንኩ በሕዝቡ ተገፍቼ በወዲያኛው በር ወጣሁ። ልመለስ ስል የደንብ ልብስ የለበሰ ጠባቂ ክንዱን ዘረጋ። መግቢያው በዚያ፣ መውጫው በዚህ ነው፤ ወደ ኋላ የለም። እግሬን አሳየሁት። እሱም እግሬን አየና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ። ወደ ውስጥ ጠቆምኩ። ወደ ላይ ጠቆመኝ። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። በውጭ ዞሬ፣ ወርጄ፣ እንደገና ተሰልፌ ጫማዬ ዘንድ ልድረስ ብል ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለአራት ሰዓት የቀረው አርባ ደቂቃ ነው። ጫማዬ ወደ ታች፣ ልጄ ወደ ላይ።

ወደ ላይ ሄድኩ።

እዚህ ላይ መናዘዝ ያለብኝ ነገር አለ። ሶስናና ታናሽ እህቷ ማርታ ጠዋት ከአልጋ አልነሳ ሲሉ፣ «እኔ በእናንተ ዕድሜ በባዶ እግሬ ሁለት ሰዓት ተጉዤ ነው የተማርኩት» እላቸዋለሁ። ይህን ስል ድምፄ ራሱ ይሻክራል። እውነቱ ግን እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጫማ አጥቼ አላውቅም። ትምህርት ቤቱ ከቤታችን አሥር ደቂቃ ነው፤ ያውም መንገድ ላይ ብይ ስንጫወት። ሁለቱ ሰዓትና ባዶው እግር ከሌሎች አባቶች የለቀምኳቸው ናቸው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው ግን በየደረጃው ይከብድ ጀመር። እግሬ ለካ የሕፃን እግር ነው! እያንዳንዱ ጠጠር ለየብቻው ይሰማኛል።

ደግሞ ከመሄዳችን በፊት ለሌሎቹ ወላጆች ጉራዬን ነዝቼ ነበር፤ «እኛ የዴንቨር ሰዎች አንድ ማይል ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው፤ ተራራ አያስፈራንም» ብዬ። ሶስና ስልኳን ፈትሻ፣ የዚያ ተራራ ጫፍ ከፍታው ከእኛ አፓርታማ መኪና ማቆሚያ ብዙም እንደማይበልጥ ነግራኝ ነበር። ታዲያ ሰው እስከ ገዛ መኪና ማቆሚያው ለመድረስ ያን ሁሉ ሺህ ደረጃ ለምን ይወጣል? እያለከለክኩ ይህን ሳሰላስል፣ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ስል አንዲት አሮጊት ሁለት እጃቸውን አጣምረው ይሰግዱልኛል። ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ ዞርኩ፤ የለም። ትንሽ ከፍ ስል ደረጃው ላይ ቀጭን ኪያር ልጣ የምትሸጥ ሴት አንዱን አንስታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ ክፍያ እምቢ አለች። ጡብ በትከሻው የተሸከመ ሰውዬ ጥጉን ይዞ አሳለፈኝ። አንዲት እናት ልጇን አቅርባ እጄን አንስታ የልጁ አናት ላይ አኖረችው። ያኔ ገባኝ፤ ነጭ ነጠላ ለብሶ፣ ፂሙን አሳድጎ፣ በባዶ እግሩ ተራራ የሚወጣ ጥቁር ሰው ሲያዩ ከሩቅ ገዳም ስለት ይዞ የመጣ ባሕታዊ መስያቸዋለሁ።

«ኧረ እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ!» አልኩ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛም። ይበልጥ ሰገዱ። መሪ እንደያዝኩ በእጄ አሳየኋቸው። እነሱም እጃቸውን እንደኔ አዙረው ተከተሉኝ። ልጁን «እግዚአብሔር ያሳድግህ» አልኩት፤ ይህ ውሸት የለበትም። ግን ደስ አላለኝም ብል ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው መንገድ ለቆልኝ አያውቅም፤ ሃይዌይ ላይ እንኳ።

ላይኛው ግቢ ስደርስ አራት ሰዓት አልፏል፤ ከኋላዬ ሃያ የሚሆን ሰው አለ። ሶስና ግቢው መሃል የእንጨት ሰይፏን ይዛ ጀምራለች። በጸጥታ ጥግ ልይዝ አስቤ ነበር። ተከታዮቼ ግን እኔ የቆምኩበት ቦታ የተለየ ነገር ያለ መስሏቸው ተንጫጩ። ተማሪዎቹ ዞሩ። ፈታኞቹ ዞሩ። ሶስናም ዞረች። እኔን አየች፤ ሕዝቡን አየች፤ እግሬን አየች። ሰይፏ አየር ላይ ቀረ። ቀጥሎ የቱ እንቅስቃሴ እንደሚመጣ ጠፋባት።

ቆመች።

አራት ዓመት ሳልመጣ ፈተናዋን አላበላሸሁም። በመጣሁ ቀን አበላሸሁት።

ማስተር ሜይ ወደ እኔ መጡ። «የቆመ ቆሟል። ነገ ጠዋት በዚሁ ሰዓት ትደግመዋለች፤ ሁለተኛው የመጨረሻ ነው» አሉ። ከዚያ ከአሮጊቷ ጋር ተነጋግረው፣ «እነዚህ ሰዎች ስንት ዓመት በባዶ እግርዎ እንደተጓዙ ይጠይቃሉ» አሉኝ።

መልስ ሳልሰጥ ሶስና ቀደመችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን አገጯን ቀና አድርጋ በእንግሊዝኛ፣ «አባቴ ይችላል። ልጅ ሆኖ በየቀኑ ሁለት ሰዓት በባዶ እግሩ እየሄደ ነው የተማረው» አለቻቸው። ማስተር ሜይ ተረጎሙት። ሕዝቡ «ኦ!» አለ። ልጄ ኮራችብኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን «ዝምታ የውሸት አጎት ነው» ብዬ ቤቴ ውስጥ ስንት ጊዜ ሰብኬያለሁ!

«ውሸት ነው» አልኩ።

«ምኑ?» አለች ሶስና።

«ሁለት ሰዓቱ። ባዶ እግሩም። አሥር ደቂቃ ነበር። ጫማም ነበረኝ።»

«ታዲያ ዛሬ?»

«ዛሬ ቤተ መቅደሱ በር ላይ አውልቄ መመለሻ አጣሁ።»

ማስተር ሜይ አንድም ሳያስቀሩ ይህንንም ተረጎሙት። አሮጊቷ ደረጃው ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ፤ ሌላውም ተከተለ። ሲበቃቸው ከቦርሳቸው ቀይ አበባ የተጠለፈበት የጨርቅ ነጠላ ጫማ አውጥተው ሰጡኝ። ተረከዜ ውጭ አደረ እንጂ ጣቶቼን አስገባሁ።

ሶስና ግን አልሳቀችም። ብዙ ደረጃ ከወረድን በኋላ፣ «ሌላስ?» አለች።

«ሌላ ምን?»

«ሌላ ምን ዋሸኸን? ከክፍል አንደኛ ትወጣ ነበር?»

«አንድ ጊዜ። በሥዕል።»

«ሥዕል አይቆጠርም። ጅብ አባረርኩ ያልከውስ?»

«ውሻ ነበር። ያባረረው እሱ ነው።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ። ኮሌጅ ያልገባኸው ወንድሞችህን ለማሳደግ ነው ያልከውስ?»

ቆምኩ። ይህን ለዘነበች እንኳ በግልጽ ተናግሬ አላውቅም። «ማትሪክ ወድቄ ነው» አልኩ። «ሁለት ጊዜ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «አንተ? ወደቅክ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ዛሬ ስቆም ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ?» አለች፤ አሁን ነው ድምፅዋ የተሰበረው። «ዳድ በሕይወቱ ወድቆ አያውቅም፤ አሁን እንዴት ብዬ ዓይኑን አያለሁ አልኩ።»

ብዙ ምክር የማውቅ ሰው ነኝ። ለዚህ የሚሆን አንድም አላገኘሁም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ከዚያስ?» አለችኝ። «ከዚያ ሰው እንዳያየኝ ቤት ተደብቄ መጽሐፍ ማንበብ ጀመርኩ፤ በዚያው ለመደብኝ» አልኳት። አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «ሁለት ጊዜ!» አለችና፣ ይቅር ይበላት፣ ፈገግ አለች።

በማግስቱ በሰዓቱ፣ ከፊት፣ በአበባው ነጠላ ጫማ ቆምኩ። ምን አየህ ብትሉኝ አላውቅም። ሰይፉ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ አልገባኝም። መሃል ላይ የጨረሰች መስሎኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ። አልጨረሰችም ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እሷ ግን አልቆመችም። እስከ መጨረሻው ሄደች። አለፈች።

ኦሮራ ከተመለስን በኋላ ትምህርት ተከፈተ። በመጀመሪያው ጠዋት የዘጠኝ ዓመቷ ማርታ ብርድ ልብሷን እስከ ግንባሯ ስባ ተጠቅልላለች። በሩ ላይ ቆሜ ድምፄን አሻከርኩና፣ «እኔ በአንቺ ዕድሜ...» ብዬ ጀመርኩ። ሶስና ኮሪደሩ ላይ ጥርሷን እየቦረሸች ታየኛለች። መቦረሹን አቆመች።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ተነሺ ማርታ» አልኩ። «አባትሽ ማትሪክ ሁለት ጊዜ ወድቋል።»

ብርድ ልብሱ ተገለጠ፤ በባዶ እግር ታሪኬ አንድ ቀን እንኳ ተነስታ የማታውቀው ልጅ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ሪሊ?» አለች። «ስንት አገኘህ?»